ዝናብ ሲመጣ ለሚጠፋ ዲሽ አዲስ ሪሲቨር መድኃኒት አይሆነውም

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ አለን። ድሮ ናይልሳት ላይ ነበር፤ ቻናሎቹ ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ሠራተኛ ጠርተን አዞረልን። በጋውን ደህና ያሳያል። ክረምት ሲገባ ግን ደመና በጠቆረ ቁጥር ሥዕሉ ካሬ ካሬ ይሆንና ኖ ሲግናል ይላል። ሠራተኛው መጥቶ አየና ሲግናሉ 92 ስለሆነ ዲሹ ጤነኛ ነው፣ ያረጀው ሪሲቨሩ ነው አለኝ። ከሥሩ ያለው ኳሊቲ የሚለው ቁጥር 38 ነው፤ እሱን ግን አልነካውም። ፎር ኬ የሚባለውን ሪሲቨር ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ቡስተር ይግባበት ይላል። እግረ መንገዱን እዚያው ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ አስሮ ናይልሳትን ሊመልስልኝ ነው። ላሠራው? እናቴ የማታ ዜና ካመለጣት ቤቱ ይታመሳል።»

ምላሽ፦ ቡስተሩን፣ ማለትም የሲግናል ማጉያውን፣ አይግዙ። ሁለተኛውን ኤልኤንቢም (ከዲሹ ፊት ክንዱ ላይ ታስሮ ሞገዱን የሚቀበለውን ዕቃ) አያሳስሩ። ሪሲቨሩን አንዴ ገዝተዋል፤ እሱ ይቅር። ገንዘቡንም ጨርሶ ውኃ አልበላውም፤ ቢያንስ አንድ ነገር አረጋግጦልዎታል። ሪሲቨር ተቀይሮ በሽታው ካልተቀየረ፣ በሽታው ያለው ከገመዱ ጀምሮ እስከ ጣራው ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህንኑ ግን በነጻ ማወቅ ይቻል ነበር። የድሮውን ሪሲቨር ከነሪሞቱ በፌስታል ይዞ ዲሹ በደንብ የሚሠራለት ጎረቤት ቤት መሄድና የእነሱ ገመድ ላይ ሰክቶ ማየት ነው። እዚያ ከሠራ ሪሲቨሩ ንጹሕ ነው። አንድ ሲኒ ቡና ተጋብዘው ይመለሱ ነበር።

ትልቁ ስህተት የተሠራው «ሲግናሉ 92 ነው» የተባለ ጊዜ ነው። ሪሲቨሩ ሁለት መስመር ያሳያል። የላይኛው ስትሬንግዝ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ኢንቴንሲቲ ይባላል። የታችኛው ኳሊቲ ነው። የላይኛው የሚለካው በገመዱ ውስጥ ምን ያህል ኃይል እየመጣ እንደሆነ ነው፤ የምን ኃይል እንደሆነ አይጠይቅም። ኤልኤንቢው ራሱ የሚፈጥረውን ሹክሹክታም፣ የሌላ ሞገድ ጩኸትንም አብሮ ይቆጥራል። ዲሹን ወደ ጎረቤት ግድግዳ ቢያዞሩት እንኳ ብዙ ሪሲቨር ከግማሽ በላይ ስትሬንግዝ ያሳያል። ኳሊቲ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የሚፈለገው ንግግር ምን ያህል ጠርቶ እንደሚሰማ ነው የሚለካው። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ስልክ ማናገር ይመስላል፤ ድምፅ ሞልቷል፣ የሚገባዎት ቃል ግን የለም። የእርስዎ 92 ይኸ ነው። እውነቱን የሚናገረው 38 ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም ሪሲቨር አንድ ዓይነት አይደሉም። የአንዱ ፋብሪካ 60 የሌላው 80 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤት ቁጥር ጋር ሳይሆን፣ ከራስዎ ሪሲቨር የትናንት ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ።

በጋ ላይ ደህና ሆኖ ክረምት ላይ ለምን ይጠፋል? የድሮው አንቴና ሲደክም ሥዕሉ በረዶ ይዘንብበት ነበር፤ ዜና አንባቢው ግን ከበረዶው ጀርባ ይታይ ነበር። ዲጂታል ሥርጭት እንዲህ አያስታምምም። ኳሊቲው ከተወሰነ ወለል በላይ እስከሆነ ድረስ ሥዕሉ ፍጹም ነው። 38ም ሆነ 85፣ ለዓይን አንድ ነው። ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ሲል ካሬ ካሬ ይሆናል፤ ጥቂት ዝቅ ካለ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። የእርስዎ ዲሽ በጋውን በሙሉ ቋፍ ላይ ሆኖ ነው የከረመው። ሥዕሉ ጥሩ ስለነበር ማንም አላወቀበትም። የቤት ዲሾች የሚጠቀሙበት ሞገድ 11 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የዝናብ ጠብታ ይህን ሞገድ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። መጠባበቂያ ያለው ዲሽ ይህን ይቋቋማል። መጠባበቂያ የሌለው በመጀመሪያው ጥቁር ደመና ይወድቃል። ዝናቡ ያጋለጠው በበጋ የነበረውን ጉድለት ነው።

ጉድለቱ ከየት መጣ? ከሰጡኝ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ጎልታ ታየችኝ፦ «አዞረልን»።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሰማዩ እናውራ። ኢትዮሳት የሳተላይት ስም አይደለም፤ የአገራችን ቻናሎች የተሰባሰቡበት መድረክ ስም ነው። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ-12 ይባላል፤ ባለቤቱ ኤስኢኤስ የተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ተቀምጧል። አንዳንዱ ሰው በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከቻይና ከተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ጋር ያምታታዋል። እሷ መሬትን ፎቶ የምታነሳ ሳተላይት ነበረች፤ ከቴሌቪዥን ጋር አትገናኝም። ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። አዲስ አበባ ጣራ ላይ ቆመው ሲያዩት ኢትዮሳት ከሰሜን በሰዓት አቅጣጫ 115 ዲግሪ ግድም ዞሮ ነው ያለው። ፀሐይ ከምትወጣበት ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ ማለት ነው፤ ከፍታውም 66 ዲግሪ አካባቢ ነው። ናይልሳት በተቃራኒው ወደ ምዕራብ ነው፤ ከፍታው 37 ግድም። ስለዚህ ሠራተኛው ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ ሰማይ ቀና አደረገው። እስከዚህ ትክክል ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነገር ነው፦ ኤልኤንቢው ራሱ መያዣው ውስጥ መጠምዘዝ አለበት። ሳተላይቱ ቻናሎችን በሁለት መልክ ይልካል፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁም። ሪሲቨሩ ላይ ከፍሪኩዌንሲው ቀጥሎ ኤች ወይም ቪ የሚለው ይኸ ነው። ኤልኤንቢው ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ኤችን፣ አንዱ ቪን ይቀበላል። ሽቦዎቹ ከሞገዱ ጋር ልክ ካልገጠሙ አንዱ የሌላውን እየሰማ ይቀላቀላሉ። ኃይሉ አይቀንስም፤ ስትሬንግዙ 92 እንዳለ ይቆያል። ጥራቱ ግን ይሞታል። እርስዎ የጻፉልኝ ምልክት ቁርጥ ይኸው ነው።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይህ ጉዳይ ከአውሮፓውያን ይልቅ እኛን ያስቸግራል። ሳተላይቱ ወደ ጎን በራቀ ቁጥር የእሱ አግድም ከእኛ አግድም ጋር አይገጥምም። በስሌት፣ ለአዲስ አበባ ኢትዮሳትን የሚያይ ኤልኤንቢ ከቀጥታ አቋሙ ወደ 63 ዲግሪ መጠምዘዝ አለበት። ናይልሳትን የሚያይ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን 77 ዲግሪ ግድም። ኤልኤንቢ ግማሽ ዙር ቢገለበጥ ለውጥ ስለሌለው፣ በሁለቱ ትክክለኛ ቦታዎች መካከል በአጭሩ በኩል የሚቀረው 40 ዲግሪ ያህል ነው። የሰዓት ቆጣሪ ከ12 ተነስቶ 1ን አልፎ ትንሽ እንደሚሄደው ማለት ነው። ዲሹ ዞሮ ኤልኤንቢው የናይልሳት ቦታው ላይ ከቀረ፣ በዚህን ያህል ተሳስቷል። የእርስዎም እንደዚያው ቀርቶ ይመስለኛል። አንድ የ10 ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ የሚፈታው ነገር ነው። ኤልኤንቢው አንገት ላይ ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ መያዣው ላላ ተደርጎ ቀስ እያለ በሁለቱም አቅጣጫ ተሞክሮ ኳሊቲው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ይታሰራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጠራ ቀን ነው፤ ደመና ባለበት ቀን የተስተካከለ ዲሽ ከምን እንደተነሳ አይታወቅም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ታች ያለው ሪሲቨሩ ላይ ሲግናል የሚያሳየውን ገጽ ከፍቶ በስልክ ቪዲዮ ጣራ ላይ ላለው ሰው ያሳየዋል። «ወጣ፣ ወረደ» እያሉ በመስኮት መጯጯህ ያለፈበት ነው። ላይ ያለው ሰው ትንሽ ካዞረ በኋላ እጁን ያንሳ፣ እስከ ሦስት ይቁጠር፣ ከዚያ ቁጥሩን ይይ። ሪሲቨር ወዲያው አይመልስም። ጥሩውን ቦታ አልፎ ከሄደ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚደርሰው። ብዙው የዲሽ ሠራተኛ የሚሳሳተው በዚህ ችኮላ ነው። ከዲሹ ኋላ ይቁም፤ ፊት ለፊት ከቆመ ራሱ ሞገዱን ይጋርዳል። አንድ የኤች ቻናልና አንድ የቪ ቻናል መርጦ ሁለቱንም ይፈትሽ።

ኤልኤንቢው ከተስተካከለ በኋላ የዲሹ አቅጣጫም ይታይ። 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ጠርዙ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ከተገፋ 1 ዲግሪ ያህል ተሳሳተ ማለት ነው፤ አንድ ዲግሪ ደግሞ መጠባበቂያን ለመብላት ይበቃል። ያው አንድ ዲግሪ ዲሹ የታሰረበት ቱቦላሬ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የላላ ቡሎን ቀላል ነገር አይደለም። ዲሹን በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ይወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ፣ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። እባክዎን የልብስ ማስጫ ገመድ ከዲሹ ምሰሶ ላይ ይፍቱ። ሳቅዎ ከመጣ ወጣ ብለው የሰፈሩን ጣራ ይመልከቱ። እርጥብ ብርድ ልብስ የተሰጣበት ምሰሶ ሁለት ዲግሪ ለመጉበጥ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

ከኤልኤንቢው ቀጥሎ የምጠረጥረው ገመዱንና ኮኔክተሩን ነው፤ ክረምት ላይ የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ሄጄ ሪሲቨሩ ጀርባ ያለውን ኮኔክተር ስፈታ ውኃ ጠብ አለ። ሳሎን ውስጥ ነው! ጣራው ላይ ያለው ኮኔክተር ባዶውን ተጋልጦ ከርሟል። ዝናቡ በገመዱ የሽቦ ሹሩባ ውስጥ ሠርጎ፣ ሃያ ሜትር ያህል ወርዶ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ደርሷል። ላይ ወጥቼ ስፈታው መሀሉ ላይ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል፤ ዙሪያው ያለው ስስ ቆርቆሮ ስነካው እንደ አመድ ረገፈ። ቤቱ ሦስት ኤልኤንቢ ቀያይሯል። አንዱም አልተበላሸም ነበር።

የእርስዎን እንዲህ ይፈትሹ። ከሁለቱም ጫፍ ኮኔክተሩ ይፈታ። የመሀሉ ሽቦ የሚያብረቀርቅና ቀይ መሆን አለበት። ከጠቆረ ወይም ከወረዛ፣ አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ንጹሕ ገመድ እስኪገኝ መሄድ ነው። ውኃ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ገመዱን በሙሉ ይቀይሩት። አይደርቅም። መሀል ላይ ተቀጥሎ በናስትሮ የተጠቀለለ ካለም ያው ነው፤ ያንን ቁራጭ ማስታመም አያዋጣም። ሲገዙ አርጂ-6 የሚባለውን ይጠይቁና ኪስዎ ውስጥ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። የመሀሉ ሽቦ ወደ ማግኔት ከተሳበ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። አጭር ርቀት ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ለረጅም ገመድ ግን አልመክረውም። ኤልኤንቢው መብራቱን የሚያገኘው በዚሁ ሽቦ ነው። ሪሲቨሩ ለቪ ቻናሎች 13 ቮልት፣ ለኤች 18 ቮልት ይልካል። የተበላ ገመድ ላይ 18ቱ መንገድ ላይ ይቀንስና የኤች ቻናሎች በሙሉ ይጠፋሉ፤ ቪዎቹ ይቀራሉ። ግማሹ ቻናል ጠፍቶ ግማሹ ካለ፣ ከምንም በፊት ገመዱን ይጠርጥሩ። ቴስተር ያለው ሠራተኛ ኤልኤንቢው ዘንድ የደረሰውን ቮልት በአንድ ደቂቃ ይነግርዎታል። ቴስተር የሌለው ሠራተኛ እየገመተ ነው።

አዲሱ ኮኔክተር ሲታሰር ገመዱ ከኤልኤንቢው በታች ወርዶ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ይግባ፤ ውኃው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ እንዲንጠባጠብ ነው። ኮኔክተሩን የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ አልብሶ አፉን ወደ ታች ማድረግ የደሃ ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል። ኤልኤንቢውን በሙሉ በፌስታል መጠቅለል ግን ሌላ ነገር ነው። ደረቅ ፌስታል ሞገድ አይከለክልም። በዝናብ ጊዜ ግን ፊቱ ላይ ጠብታ ይይዛል፤ ጠብታው ደግሞ የምንሸሸው ራሱ ነው። የኤልኤንቢው ፊት ክዳን ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ዋጋው ከሪሲቨር ጋር አይወዳደርም።

ስለ ቡስተሩ አጭር መልስ አለኝ። ቡስተር የመጣለትን ሁሉ ያጎላል፤ ጩኸቱንም ጭምር። ስትሬንግዝዎ 92 የነበረው 99 ይሆናል። ኳሊቲው እዚያው 38 ይቆማል፤ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ቡስተር የሚጠቅመው ገመዱ በጣም ረጅም ሲሆን ነው፤ ያውም ዲሹ አጠገብ ታስሮ። የእርስዎ ቤት አያስፈልገውም።

ፎር ኬ የሚለው ስም ሥዕሉን የሚመለከት ነው፤ ሲግናል አይጨምርም። ያረጀ ሪሲቨር አዲሱን የሥርጭት ዓይነት ካላወቀ ቻናሉን ጭራሹን አያገኘውም፤ በጋ አሳይቶ ክረምት አይደብቅም። ሪሲቨር በእውነት ሲያረጅ የሚያሳየው ምልክት ሌላ ነው። ሲሞቅ ይዘጋል፣ ራሱን እያጠፋ ይነሳል፣ ወይም የኃይል ክፍሉ ደክሞ 18 ቮልቱን መስጠት ያቅተዋል።

ሁለተኛውን ኤልኤንቢ በተመለከተ፣ ሰውዬው ወይ አልገባውም ወይ ቀልዷል። በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ የሚሠራው ሁለቱ ሳተላይቶች ሰማይ ላይ ሲጠጋጉ ነው፤ አሥር ዲግሪ ግድም ቢለያዩ። ኢትዮሳትና ናይልሳት ከአዲስ አበባ ሲታዩ ከ70 ዲግሪ በላይ ይራራቃሉ። አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ። አንድ ዲሽ ሁለቱንም ሊያይ አይችልም። ናይልሳትን ከፈለጉ ሁለተኛ ዲሽ ይተከል። ሁለቱን ገመዶች ዳይሴክ ስዊች በሚባል መቀያየሪያ ላይ አገናኝቶ አንድ ገመድ ብቻ ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል። ሪሲቨሩ ላይ አንዱ ወደብ ኤ፣ ሌላው ቢ ተብሎ ይመረጣል። እዚህ ላይ የዛፍ ነገር ይነሳል። ኢትዮሳት ከፍ ብሎ ስለሚታይ የጎረቤት ዛፍ ብዙም አይጋርደውም፤ ከዲሹ 2 ሜትር የራቀ ዛፍ ከዲሹ በላይ 4 ሜትር ተኩል ካልሆነ ችግር የለም። ናይልሳት ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ ወደ ምዕራብ ያለ ባሕር ዛፍ ወይም ፎቅ ይዘጋዋል። ዲሽ ከመግዛትዎ በፊት ወደዚያ ዞረው ይመልከቱ።

የእኔ ምክር ይኸ ነው። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። መጀመሪያ ኮኔክተርና ገመድ ይታይ። ቀጥሎ ኤልኤንቢው ይጠምዘዝ። ከዚያ ዲሹ ወደ ጎንም ወደ ላይም በጥቂቱ እየተነካካ ከፍተኛው ኳሊቲ ይፈለግ፤ ቡሎኖቹ ይጥበቁ፤ ከጠበቁ በኋላ ቁጥሩ እንዳልወረደ ይታይ። ሲጠብቅ መንሸራተት ያለ ነገር ነው። ሠራተኛ ከጠሩ ከመጀመሩ በፊት የኳሊቲውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ ሲጨርስም ያንሱ። ሒሳብ የሚከፈለው በሁለቱ ፎቶዎች ልዩነት ነው። እኔ በጠራ ቀን ብዙ ሪሲቨር ላይ ከ70 በላይ ካላየሁ ልቤ አያርፍም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጠንከር ያለ ዝናብ ሁሉ የሚጥልዎት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ገንዘብ ያውጡ፤ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ይግዙ። ስፋቱ የ60ው ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው፤ ያን ያህል ተጨማሪ ሞገድ ይሰበስባል። ትልቅ ዲሽ ግን የሚያየው ቦታ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ይበልጥ በጥንቃቄ መነጣጠር አለበት። ንፋስም ይበልጥ ይይዘዋል፤ ቀጭን ምሰሶ ላይ እንዳይተክሉት። ያልተስተካከለ 90 ከተስተካከለ 60 ይብሳል።

ትልቁም ዲሽ ቢሆን ወሰን አለው። የሐምሌ ዶፍ፣ በረዶ ቀላቅሎ የሚወርደው ዓይነት፣ ማንኛውንም የቤት ዲሽ ለደቂቃዎች ሊጥል ይችላል። ሥርጭቱ ወደ ሳተላይት በሚላክበት ቦታ ከባድ ዝናብ ካለም፣ እርስዎ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቁ። የሁሉም ከጠፋ ሻይዎን ይጠጡ። የእርስዎ ብቻ ከጠፋ ጣራው ላይ ሥራ አለ። ለእናትዎ ደግሞ ለዶፍ ምሽት የሚሆን መፍትሔ ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ቻናሎች በዩቲዩብ በቀጥታ ስለሚያስተላልፉ ስልክ ላይ ይክፈቱላቸው።

ጥንቃቄዎቹን ሳልናገር አላልፍም። የረጠበ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ማንም አይውጣ፤ ከዜና የሚበልጥ ነገር አለ። ዲሹም ሆነ ቱቦላሬው የመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ አይንኩት፤ ቦታው ይቀየር። ኮኔክተር ከመፈታቱና ገመድ ከመቆረጡ በፊት ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል፤ የመሀሉ ሽቦና ዙሪያው ያለው ሹሩባ ኃይል እያለ ከተነካኩ አዲሱን ሪሲቨርዎን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ያላቁት። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ልንገርዎት። በመስቀል ሰሞን ለጥቂት ቀናት፣ ረፋድ ላይ ወደ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ኢትዮሳት ለጥቂት ደቂቃዎች ሊጠፋ ይችላል። መጋቢት መጀመሪያ ላይም እንዲሁ። ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍና ጩኸቷ ሥርጭቱን ስለሚውጠው ነው። ዲሹን ማንም እንዳይነካ። በዚያ ሰዓት ይልቅ ጣራው ደረቅ ከሆነ ወጣ ብለው ዲሹ ላይ ያረፈውን ጥላ ይዩ። የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ ከዲሹ ፊት የተወሰነውን ከሸፈነው፣ ሞገዱንም የሚጋርደው ያው ነገር ነው።